ለሬንጅፋይንደር ፊልም ካሜራ እጅግ ሰፊ ሌንስ እንዴት ይመረጣል? ለሐረር ጠባብ መንገዶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ሐረር ውስጥ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ የሆነው መኪና ግርግር ገብታችሁ፣ ጀርባችሁን ከአንዱ ግድግዳ አስጠግታችሁ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ልብስ ሰፊ ከነሥራው ለማንሳት ሞክሩ። 50 ሚሜ ሌንስ ፊቱንና እጁን ይሰጣችኋል። የስፌት መኪናው፣ ከበላዩ የተሰቀለው ጨርቅ፣ አጠገቡ ቆማ ቀሚሷ እስኪያልቅ የምትጠብቀው ደንበኛ ግን ከፍሬሙ ውጭ ይቀራሉ። ወደ ኋላ እንዳትሉ ግድግዳው ይዟችኋል። በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ 48 ሄክታር ላይ፣ 368 መንገዶች እንዳሉ ይነገራል፤ ከእነዚህ ውስጥ ለ28 ሚሜ እንኳ ቦታ የማይሰጡ ሞልተዋል።

ይህ መመሪያ ሌንሱ የሚፈታ የፊልም ሬንጅፋይንደር፣ ማለትም በሌንሱ ሳይሆን በራሱ መስኮት እያያችሁ ፎከስ የምታደርጉበት ካሜራ፣ ይዞ ከ28 ሚሜ የሰፋ ሌንስ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ነው፤ ሚሜው ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል። አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ለፊልም የሚሻለው ትንሹ፣ ቀላሉና አፐርቸሩ፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ጠበብ ያለው፣ ማለትም በኤፍ 4 አካባቢ የሚጀምረው ሌንስ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ባደገ መጠን ቀዳዳው ይጠባል። ስንት ሚሜ ይሁን የሚለውን ደግሞ የምትቆሙበት መንገድ ስፋት ይወስን እንጂ የሌንሱ ዝና አይወስን። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሬንጅፋይንደር ለሰፊ ሌንስ ለምን ይመቻል?

እንደ ኒኮን ኤፍ ባለ ካሜራ ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ የሚነሳና የሚወርድ መስታወት አለ። ስለዚህ ሌንሱ የሚታሰርበት ቀለበት ከፊልሙ 46.5 ሚሜ መራቅ ነበረበት። 21 ሚሜ የሆነ ሌንስ ከዚያ ርቀት ላይ ሆኖ ምስል እንዲሠራ ተጨማሪ ትልልቅ ብርጭቆ ይጠይቃል፤ ይገዝፋል፣ ይከብዳል፣ ብዙ ጊዜም ጠርዝ ላይ ያለውን ቀጥ ያለ መስመር ያጎብጣል። ሌይካ ኤም በተባለው ሬንጅፋይንደር ላይ ርቀቱ 27.8 ሚሜ ብቻ ነው፤ የሚነሳ መስታወትም ስለሌለ የሌንሱ የኋላ ብርጭቆ ፊልሙ ፊት ወደሚከፈተውና ወደሚዘጋው መጋረጃ፣ ወደ ሻተሩ፣ ጠልቆ መግባት ይችላል። ሉድቪግ በርተለ ለዛይስ የነደፈው 21 ሚሜ ባዮጎን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለኮንታክስ ሬንጅፋይንደር የወጣው በዚህ ነጻነት ተጠቅሞ ነው። ከፊትና ከኋላ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ሌንስ የመስመር መጉበጥን ራሱ በራሱ ያጣፋል። የበር መቃን፣ የመስኮት ጠርዝ፣ የሚናሬት ቁመት ቀጥ ብለው ይወጣሉ። ለጀጎል ይህ ትልቅ ነገር ነው።

1. መጀመሪያ ካሜራችሁ ምን እንደሚቀበል እወቁ

ካኖኔት ወይም ያሺካ ኤሌክትሮ 35 ከሆነ የያዛችሁት፣ ሌንሱ ስለማይፈታ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል።

የሶቪየቶቹ ፌድና ዞርኪ፣ እንዲሁም የድሮዎቹ ሌይካዎች፣ 39 ሚሜ ስፋት ባለው ጥርስ እየተሽከረከረ የሚገባ ሌንስ ይቀበላሉ። ከ1954 ጀምሮ የመጡት ሌይካ ኤሞች ደግሞ ገብቶ ሩብ ዙር ያህል ሲዞር የሚቆለፍ ማሰሪያ አላቸው። በሁለቱ መካከል ያለው የርቀት ልዩነት ልክ 1 ሚሜ ነው። ስለዚህ ባለ ጥርሱ ሌንስ ቀጭን ቀለበት ተደርጎለት ኤም ላይ ይገባል፤ የኤሙ ሌንስ ግን ዞርኪ ላይ በምንም መንገድ አይገባም። ዛሬ ዞርኪ ይዛችሁ ነገ ሌይካ ኤም ወይም የቮይግትላንደሩን ቤሳ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ባለ ጥርሱን ምረጡ፤ ሁለቱንም ያገለግላችኋል። ኪየቭ 4 የያዘ ሰው የኮንታክስ ማሰሪያ ስላለው ምርጫው በጣም ጠባብ ነው። ለእሱ የምመክረው ሌላ አካል መፈለግን ነው፤ አንድ ዞርኪ ከብርቅዬ የኪየቭ ሰፊ ሌንስ ይረክሳል።

ሌላው የሚታየው የብርሃን መለኪያው ነው። ሌይካ ኤም 5 እና ሲኤል ውስጥ ከሌንሱ ጀርባ ብቅ የሚል የመለኪያ ክንድ አለ፤ ወደ ኋላ ጠልቆ የሚገባ ሌንስ ሊነካው ይችላል። ኤም 6 ደግሞ የሚለካው ሻተሩ ላይ ከተቀባው ነጭ ክብ ነው። እንደ አሮጌው 21 ሚሜ ሱፐር አንጉሎን ያለ ጠልቆ የሚገባ ሌንስ ያንን ክብ ስለሚጋርደው የሚሰጣችሁ ልክ የተሳሳተ ይሆናል። መለኪያ የሌለው ዞርኪ እዚህ ላይ ምንም ችግር የለበትም።

2. መንገዱን ለኩ፣ ከዚያ ሚሜውን ምረጡ

ብዙ ሰው 15 ሚሜ የሚገዛው ሌሎች ያነሱትን አስደናቂ ፎቶ አይቶ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ካርቶን አውጡ።

አንድ የብስኩት ካርቶን ወስዳችሁ መሐሉ ላይ 18 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቅደዱ። ይህ የ35 ሚሜ ፊልም ፍሬም፣ 36 በ24 ሚሜ የሆነው፣ በአምስት እጥፍ ሲያድግ ነው። ስለዚህ የሌንሱንም ሚሜ በአምስት አባዙት። ካርቶኑን ከዓይናችሁ 14 ሴንቲ ሜትር አርቃችሁ በአንድ ዓይን ብታዩ 28 ሚሜ የሚያየውን ታያላችሁ፤ 10.5 ሴንቲ ሜትር ላይ 21 ሚሜ፣ 9 ላይ 18 ሚሜ፣ 7.5 ላይ 15 ሚሜ፣ 6 ላይ 12 ሚሜ። በእጅ መገመት ስለሚያስቸግር ካርቶኑ ጥግ ላይ ክር እሰሩና በየርቀቱ ቋጠሮ አድርጉበት፤ ቋጠሮውን ከዓይናችሁ ስር ጉንጫችሁ ላይ ይዛችሁ ክሩን ወጥሩት። ቅርብ ሲሆን የካርቶኑ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ዓይናችሁን ወደ አራቱም ማዕዘን እያዞራችሁ የት ላይ እንደሚቆርጥ ተመልከቱ።

ይህን ካርቶን ይዛችሁ ብዙ ጊዜ ፎቶ የምታነሱባቸውን ቦታዎች ዙሩ። ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደውን፣ ሰፈራችሁ ያለውን፣ የዘመድ ቤት ግቢ። ካርቶኑን ስትይዙ ሰው ሁሉ ምን እንደምትሠሩ ይጠይቃችኋል፤ አስረዱ፣ ቆይታችሁ ካሜራ ይዛችሁ ስትመለሱ የምታገኙት ፊት ሌላ ይሆናል።

ቁጥር ለሚወድ ሒሳቡ ቀላል ነው። እናንተና ሰውየው መካከል ያለውን ርቀት በ36 አባዝታችሁ ለሌንሱ ሚሜ ብታካፍሉ የፍሬሙን ወርድ፣ በ24 ብታባዙ ቁመቱን ታገኛላችሁ። ነገር ግን 2 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ 2 ሜትር አይሰጣችሁም። የእናንተ አካል ቦታ ይይዛል፤ የሚነሳውም ሰው ግድግዳው ላይ አልተለጠፈም። በእጃችሁ የሚቀረው ወደ 1.5 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ካሜራው አግድም ሲያዝ 28 ሚሜ ከላይ እስከ ታች 1.3 ሜትር፣ 21 ሚሜ 1.7 ሜትር፣ 15 ሚሜ 2.4 ሜትር ያህል ይይዛል። የቆመ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ፣ ትንሽ አየር ጨምሮ፣ አግድም ፍሬም ውስጥ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ከሦስቱ 15 ሚሜ ብቻ ነው የሚበቃው ማለት ነው። ካሜራውን ግን ወደ ቁም አዙሩት። 21 ሚሜው ከላይ እስከ ታች 2.5 ሜትር በላይ፣ ወደ ጎን 1.7 ሜትር ይይዛል፤ ሰውየው በሙሉ፣ ከነበሩና ከነደጃፉ ድንጋይ ይገባል። 21 ሚሜ ለጀጎል መጀመሪያ መገዛት ያለበት ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ካሜራ ማዞር ገንዘብ አያስወጣም።

ድሬዳዋ የምትኖሩ ወይም በደንገጎ ወርዳችሁ ብዙ ጊዜ እዚያ የምታነሱ ከሆነ ካርቶኑ ሌላ ነገር ይነግራችኋል። ከዚራ ላይ መንገዱ ሰፊ፣ ዛፉ ረጅም ነው፤ በ21 ሚሜ ስታነሱት ሰዎቹ ያንሳሉ፣ አስፋልቱ ግማሹን ፍሬም ይወስዳል። ለከዚራ 28 ወይም 35 ሚሜ ይበቃል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ፣ ሻጮቹ መካከል ስትገቡ ግን 21 ሚሜው እንደገና ቦታውን ያገኛል።

3. ስፋቱ የሚያስከፍለውን እወቁ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፤ ሌንሱን ገዝተው የሚያዝኑ ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ሳያውቁ የገዙ ናቸው።

አንድ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ውስጥ እንግዳ ሆናችሁ ገባችሁ እንበል። ፊት ለፊት ደረጃ ደረጃ ሆነው የተሠሩት መቀመጫዎች፣ ነደባዎቹ አሉ። ግድግዳው ላይ ሳህኖችና የተሰፉ ሥራዎች በረድፍ ተሰቅለዋል። ነደባው ጫፍ ላይ የቤቱ እመቤት ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ሆዱ ክብ የሆነ የሸክላ ዕቃ አለ። 15 ሚሜ አድርጋችሁ ከግድግዳው ትይዩ ቆማችሁ አነሳችሁ። ፊልሙ ሲታጠብ ጥግ ላይ የተሰቀለው ሳህን ክብ ሆኖ ወጥቷል፤ ከሱ ስር ያለው የሸክላ ዕቃ ግን ወደ ጎን ተለጥጦ ሞላላ ሆኗል፤ የእመቤቲቱም ፊት እንዲሁ።

ሌንሱ አልተበላሸም። እነዚህ ሌንሶች ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አድርገው ለመያዝ የተሠሩ ናቸው። ከፊልሙ ጋር ትይዩ የሆነ ጠፍጣፋ ነገር፣ እንደ ሳህን ያለው፣ የትም ጥግ ቢሆን ቅርጹን ይጠብቃል። ድቡልቡል የሆነ ነገር ግን፣ ራስ፣ ማሰሮ፣ ኳስ፣ ከመሐል በራቀ ቁጥር ይለጠጣል። 21 ሚሜ ላይ በፍሬሙ ግራና ቀኝ ጫፍ ያለ ራስ አንድ ሦስተኛ ያህል ይሰፋል፤ 15 ሚሜ ላይ ከግማሽ በላይ። 12 ሚሜ ላይ ደግሞ ፊት መሆኑ ራሱ ያጠራጥራል። ለሰው ክብር የሚጨነቅ ፎቶ አንሺ ሰውን ወደ መሐል፣ ዕቃንና ግድግዳን ወደ ጥግ ያደርጋል። ሥራችሁ በአብዛኛው ሰው ከሆነ ከ21 ሚሜ አትለፉ። በሮች፣ ጣሪያዎች፣ ባዶ መንገዶችና የቤት ውስጥ ክፍሎች ከሆኑ 15 ሚሜ የሚሰጠውን ሌላ የሚሰጥ የለም።

ሁለተኛው ዋጋ የጥግ መጨለም ነው። ብርሃን ወደ ፊልሙ ጥግ በጎን ሲያርፍ ይዳከማል። በተፈጥሮው ሕግ ብቻ ቢሰላ 21 ሚሜ ጥግ ላይ 2 ስቶፕ፣ 15 ሚሜ 3 ስቶፕ ያህል ያጣል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ነው። የሶቪየቱ መሐንዲስ ሚካኢል ሩሲኖቭ ሩሳር የተባሉትን ሌንሶች ሲነድፍ ይህን ኪሳራ የሚቀንስ ዘዴ አምጥቶ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋ ግን የለም። ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ይህ ጥላ ብዙ ጊዜ ያምራል፤ ለጠባብ መንገድ ጥልቀት ይጨምራል። ነጭ የተቀባ ግድግዳ ወይም ባዶ ሰማይ ላይ ግን እንደ ቆሻሻ ይታያል።

ሦስተኛው ማጋደል ነው። ካሜራውን ወደ ላይ ትንሽ ቀና ብታደርጉት ሁለቱም ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ይወድቃሉ። አናጢና ግንበኛ የሚጠቀሙበት ዓይነት ትንሽ ውሃ ልክ ያለው የውጭ መመልከቻ ካገኛችሁ አትለፉት።

4. መመልከቻውን ከሌንሱ እኩል ቁጠሩት

ሬንጅፋይንደር ላይ በሌንሱ ውስጥ አታዩም። ሌይካ ኤም 3 ውስጥ ያለው ሰፊው የፍሬም መስመር 50 ሚሜ ነው፤ ኤም 2 እና ኤም 4 ላይ 35፤ ከኤም 4-ፒ ጀምሮ 28 ተጨምሯል። ከዚያ የሰፋ ሌንስ ስታስገቡ ካሜራው አናት ላይ፣ ፍላሽ በሚታሰርበት ቦታ፣ የሚሰካ የውጭ መመልከቻ ያስፈልጋችኋል። ፎከሱን በካሜራው መስኮት፣ ፍሬሙን በላይኛው መስኮት ታያላችሁ። ከዚህ የሚለዩት በ2006 የወጡት ቤሳ አር 4 ኤ እና አር 4 ኤም ናቸው፤ 21 ሚሜ መስመር በውስጣቸው አላቸው። በ21 ሚሜ ብዙ ለመሥራት ለቆረጠ ሰው ከሁሉም የሚመቸው ካሜራ ይህ ነው።

የውጭ መመልከቻ ብቻውን ሲገዛ ውድ ነው፤ አንዳንዴ የሌንሱን ግማሽ ያህል ይጠይቃል። ስለዚህ ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ ሁሌም «መመልከቻው አብሮ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያው ቮይግትላንደር 15 ሚሜ ሲሸጥ መመልከቻው ካርቶኑ ውስጥ አብሮ ነበር፤ የመጀመሪያ ባለቤቶች ግን ብዙ ጊዜ ለያይተው ይሸጡታል።

መመልከቻው ከሌንሱ ጥቂት ጣት ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ከ1 ሜትር በታች ስትጠጉ የምታዩትና ፊልሙ ላይ የሚወጣው አይገጥሙም። ፍሬም ካደረጋችሁ በኋላ ካሜራውን ያንኑ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ተኩሱ።

5. ለትልቅ አፐርቸር ገንዘብ አታውጡ

ሌይካ በ2008 ኤፍ 1.4 የሆነ 21 ሚሜ አውጥቷል። ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የካሜራውን መስኮት በከፊል ይጋርዳል፣ ዋጋውም የሌላ ዓለም ነው። ለምን እንደማያስፈልግ በሥራ ላይ እንየው።

21 ሚሜ ሌንስ ኤፍ 8 ላይ አድርጋችሁ ርቀቱን 1.9 ሜትር ገደማ ላይ ብታቆሙት ከ0.9 ሜትር እስከ ማለቂያ የሌለው ድረስ ያለው ሁሉ ይጠራል። 15 ሚሜ በዚያው ኤፍ 8 ርቀቱ 1 ሜትር ላይ ሲቆም ከግማሽ ሜትር ጀምሮ ሁሉም ይጠራል። ፎከስ ማድረግ የሚባል ነገር ይቀራል፤ ቀለበቱን አንድ ጊዜ ታስቀምጡና ዓይናችሁ ከሰዉ ጋር ይሆናል። መኪና ግርግር ውስጥ፣ በቀን፣ ጥላ ስር፣ 400 አይሶ ፊልም እንደ ኤችፒ 5 ወይም ትራይ-ኤክስ ያለው 1/250 ሰከንድ ላይ ኤፍ 8 አካባቢ ይሰጣችኋል። ታዲያ ኤፍ 1.4 መቼ ሊከፈት ነው?

ቤት ውስጥ ነው የሚቸግረው። በ1883 ሐረር ሆኖ ራሱን ፎቶ ያነሳው ገጣሚው አርተር ራምቦ የቆመው በረንዳ ላይ፣ ቡና መካከልና ሙዝ መካከል ነው፤ ሁሉም ከቤት ውጭ። የዛሬ ፊልም የተሻለ ነው። 21 ሚሜ በእጅ ተይዞ በ1/15 ሰከንድ ሊነሳ ይችላል፤ ክርናችሁን ጎናችሁ ላይ ካጣበቃችሁ ወይም በሩ መቃን ላይ ከተደገፋችሁ 1/8ም ይሆናል። በር ተከፍቶ ብርሃን የሚገባበት ጌ ጋር ውስጥ ኤፍ 4 በዚህ ፍጥነት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

6. የትኞቹን ሌንሶች ልመልከት?

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ያዙ። ለፊልም የሚገዛና ለዲጂታል የሚገዛ ሰው ፍላጎታቸው ይለያያል። በዲጂታል ሬንጅፋይንደር ሴንሰር ላይ ብርሃን በጣም በጎን ሲያርፍ ጥጎቹ ቀለም ይለውጣሉ። ፊልም ይህ ችግር የለበትም። ዲጂታል የያዘው ሰው የድሮውን ትቶ አዲሱን ሲገዛ፣ የድሮው ዋጋ ይወርዳል። ለእናንተ ግን የድሮው ምንም አልጎደለውም።

ለምሳሌ ቮይግትላንደር 15 ሚሜ ኤፍ 4.5 ሱፐር ዋይድ ሄሊያር በ1999 ሲወጣ ባለ ጥርስ ነበር፤ ክብደቱ 105 ግራም። ከካሜራው ሬንጅፋይንደር ጋር አይያያዝም፤ ርቀቱን በግምት ነው የምታስቀምጡት፤ 15 ሚሜ ላይ ግን ከላይ እንዳየነው ግምት ይበቃል። በ2009 የኤም ማሰሪያ ያለውና ከሬንጅፋይንደር የሚያያዘው ሁለተኛው ዓይነት መጣ፤ በ2015 ደግሞ ዲጂታልን አስቦ የተነደፈው ሦስተኛው፤ እሱ ወደ 250 ግራም አድጓል። ለዞርኪም ለሌይካ ኤምም የምመርጠው የመጀመሪያውን ነው። ጉድለቱ ፊት ላይ ፊልተር የሚገባበት ጥርስ የሌለው መሆኑ ነው። ሰማይን ለማጥቆር ቢጫ ወይም ቀይ ፊልተር የምትወዱ ከሆነ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ከ21 ሚሜዎቹ ውስጥ የቮይግትላንደር ካለር ስኮፓር ኤፍ 4 ለዚህ መመሪያ ዋናው ነው። ትንሽ፣ ቀላል፣ 39 ሚሜ ፊልተር የሚቀበል፣ በባለ ጥርስም በኤም ማሰሪያም የተሠራ ነው። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ምንም አይቀርበትም። ገንዘብ ያለውና ሕንፃ የሚያነሳ ሰው ዛይስ ሲ ባዮጎን 21 ሚሜ ኤፍ 4.5ን ይይ፤ መስመር አለማጉበጡ የሚደነቅ ነው። ዲጂታል ላይ ጥጉ በብርቱ ቀለም ስለሚለውጥ የብዙ ሰው ቅሬታ ነበረበት፤ ፊልም ላይ ግን ከምርጦቹ አንዱ ነው።

ሶቪየት ሠራሹ ሩሳር ኤምአር-2፣ 20 ሚሜ ኤፍ 5.6፣ በ1958 የተነደፈ ባለ ጥርስ ሌንስ ነው። በ2014 ሎሞግራፊ እንደገና አስወጥቶታል። ዞርኪና ፌድ ላይ ከቤቱ እንደወጣ ያህል ይገባል። የአፐርቸሩ መቆጣጠሪያ ፊት ላይ ስለሆነ አያመችም፤ ጸሐይ ፊት ለፊት ስትመጣም ከአዲሶቹ ይልቅ ይፈዝዛል። ያም ሆኖ ጥቁርና ነጭ ላይ የራሱ ውበት ያለው፣ የምወደው ሌንስ ነው።

18 ሚሜዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን 21 ያለው ሰው 18 ሲጨምር የሚያገኘው ልዩነት ትንሽ ነው። 12 እና 10 ሚሜ ለመጀመሪያ ሌንስ አይሆኑም።

7. ያገለገለ ሲገዛ መፈተሽ

ብዙዎቻችን ሌንስ የምናገኘው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ወይም ጓደኛ እጅ ነው። አምጪው ፎቶ አንሺ ላይሆን ይችላልና የምትፈልጉትን በቀላል ቋንቋ ጻፉለት።

የስልክ መብራት ከኋላ ወደ ውስጥ አብርቶ ከፊት ይይ። የሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ አይግዛ። ነጭ ጉም ካለ ፎቶው ይደበዝዛል፤ ዋጋው በጣም ካልወረደ ይተወው። ጠርዝ ላይ ቀስተ ደመና መሰል ቀለበት ከታየ የብርጭቆዎቹ ሙጫ ለቋል። ጥቂት የአቧራ ቅንጣትና ፊት ላይ ያለች ቀጭን ጭረት ግን ምንም አያደርጉም። የኋለኛው ብርጭቆ ላይ ያለ ጭረት ከፊተኛው የከፋ ነው። አፐርቸሩን ከፍቶ ይዝጋ፣ ስለቶቹ ላይ ዘይት ይይ። የርቀቱ ቀለበት ሳይነቀነቅ፣ ሳይይዝ ከጫፍ ጫፍ ይዙር። የኋላና የፊት ክዳን፣ መመልከቻና የኤም ቀለበት አብረው ስለመኖራቸው ይጠይቅ።

ሌንሱ እጃችሁ ሲገባ ፊልም ሳታስገቡ፣ ካሜራውን በጀርባው ከፍታችሁ፣ በዝግታ እሰሩት። አንድ ነገር ከነካ ወይም ከጠበቀ አታስገድዱ። ሻተሩን በተለያየ ፍጥነት ተኩሳችሁ መጋረጃው የኋላውን ብርጭቆ እንደማይነካ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

8. የመጀመሪያው ፊልም

አንድ የ36 ፊልም ሌንሱን ለማወቅ ብቻ መድቡ። የድንጋይ ግድግዳ ፊት ለፊት በትይዩ ቆማችሁ ኤፍ 4፣ ኤፍ 5.6፣ ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 ላይ አንሱ፤ አራቱን ማዕዘኖች በማጉያ ስታዩ አንዱ ጎን ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ውስጥ ብርጭቆ ተንጋዷል ማለት ነው፤ መልሱት። ቀጥ ያለ የመስኮት ጠርዝ ፍሬሙ ጫፍ ላይ አስገብታችሁ አንሱ። በውጭ መመልከቻው ጫፍ ላይ ምልክት የሚሆን ነገር፣ በር ወይም ምሰሶ፣ አስተካክላችሁ አንሱና ፊልሙ ላይ ምን ያህል ተጨማሪ እንደገባ ተመልከቱ፤ መመልከቻዎች ብዙ ጊዜ ከሌንሱ ትንሽ ያነሰ ያሳያሉ። ጸሐይን ፍሬሙ ጥግ ላይ አስገብታችሁም አንሱ። አንድ ጓደኛ መሐል፣ ከዚያ ጫፍ ላይ አቁማችሁ አንሱት፤ ፊቱ የት ላይ መለጠጥ እንደሚጀምር ከዚህ ታውቃላችሁ።

ብርሃን ስትለኩ ሰማዩ መለኪያውን እንዳያታልለው ካሜራውን ወደ መሬት አዘንብላችሁ ለኩና ከዚያ ቀና አድርጉ። ጣታችሁንና የካሜራውን ማንጠልጠያ ከሌንሱ ፊት አርቁ፤ በመመልከቻው አይታዩም፣ ፊልሙ ላይ ግን ይወጣሉ። ክዳኑ እንዳለ መተኮስም እንዲሁ ነው፤ ሬንጅፋይንደር አያስጠነቅቅም። የሐረር ጸሐይ በተከፈተ ሌንስ ገብታ የጨርቅ ሻተር ልትበሳ ስለምትችል፣ ክዳኑን አውልቃችሁ ስትሄዱ አፐርቸሩን ኤፍ 16 ላይ ዝጉት፤ ስትቆሙ ወደ ኤፍ 8 መልሱት።

ሰው ስታነሱ ደግሞ ይህን አስቡ። 21 ሚሜ ከ1 ሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊታችሁ ያለውን ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኝ ያሉትንም ያስገባል፤ እነሱ ግን ካሜራው ወደ እነሱ እንዳልዞረ ነው የሚያስቡት። ልብስ ሰፊውን ብቻ አስፈቅዳችሁ ደንበኛዋን ካላስፈቀዳችሁ ግማሹን ነው ያስፈቀዳችሁት። «እህቴ፣ አንቺም ትገቢያለሽ፣ ይሁን?» በሏት። እምቢ ካለች ካሜራውን ወደ ቁም አዙሩት፤ ወርዱ ከ1.7 ወደ 1.1 ሜትር ይወርዳል፣ እሷም ከፍሬሙ ትወጣለች።